ዘንዶውን ምን ቀለም እንቀባው?

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ያለችው ልጅ ፍላሽ አውጥታ ሰጠች። ማሽኑ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ወቅቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ነውና «ምዕራፍ አንድ፣ መግቢያ» የሚል ነገር ነበር የጠበቅኩት። የወጣው ዘንዶ ነው። ክንፉን የዘረጋ፣ በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለ፣ ውስጡ ነጭ። ቀጥሎ ግንብ ወጣ። ቀጥሎ የተኩላ ጭንቅላት።

«ለታናሽሽ ነው?» አልኳት።

«ለራሴ ነው» አለች። ፈገግ አለች እንጂ አላፈረችም። ነርስ ናት። ከአዳር ስትመለስ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ያኔ ቁጭ ብላ ቀለም ትቀባለች። «ስልክ ስጎረጉር ከማረፍድ ይሻላል» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ያደገ ሰው እንዴት ቀለም ሲቀባ ይውላል? ሥራ ጠፍቶ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ስንትና ስንት ነገር ጎትቶ መጣብኝ። የመጽሐፍ ገበያ፣ የጭንቀት ጥናት፣ የዶላር ዋጋ፣ የቅጂ መብት። መጨረሻ ላይ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አደረሰኝ።

እስቲ ከገበያው እንጀምር። («ዓ.ም.» ካላልኩ፣ ከአዋጅ ቁጥርም በቀር፣ የውጭውም የኛም ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለአዋቂ ተብሎ የተዘጋጀ ከለሪንግ ቡክ (ቀለም የሚቀባባቸው የመስመር ሥዕሎች መጽሐፍ) በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ነበረ፤ ያኔ ግን ቀልድ ነበር። በቢሮ ሠራተኛና በፖለቲከኛ ላይ ለማሾፍ የታተመ። ማንም እርሳስ ቀርጾ በቁም ነገር አይቀባውም። ቁም ነገር የሆነው ከ2013 ወዲህ ነው። አበባና ቅጠል የሞላባቸው መጻሕፍት ከእንግሊዝ ተነሥተው ዓለምን አዳረሱ። የመጽሐፍ ሽያጭ የሚቆጥረው ኒልሰን ባወጣው ግምት፣ አሜሪካ ውስጥ በ2014 የተሸጠው የአዋቂ ከለሪንግ ቡክ 1 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ2015 ወደ 12 ሚሊዮን ደረሰ። በአንድ ዓመት አሥራ ሁለት እጥፍ! ጤፍ እንኳ እንደዚህ አልጨመረም።

የፋንታሲው፣ የዘንዶና የአስማት ልቦለዱ ነገር የገባው እዚህ ላይ ነው። አሳታሚዎች አበባው ሲሸጥ አዩና «ሰው አስቀድሞ የሚወደውን ዓለም ብንሰጠውስ?» አሉ። በ2015 መኸር ላይ የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»፣ የዚያ የዙፋን ሽኩቻና የዘንዶ ልቦለድ፣ ይፋዊ ከለሪንግ ቡክ ወጣ። 45 ሥዕሎች አሉት። ከሠዓሊዎቹ አንዱ ጆን ሃው ነው፤ ለ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ንድፍ የሠራው ሰውዬ። የ«ሃሪ ፖተር»ም በዚያው ሰሞን መጣ። ከዚያ ሌሎቹ ተግተልትለው ተከተሉ።

ግለቱ ብዙ አልቆየም። በ2017 የአሜሪካው ትልቅ የመጽሐፍ መደብር ባርንስ ኤንድ ኖብል ሽያጩ ስለወረደ ሲያስረዳ፣ ከለሪንግ ቡክ መቀዝቀዙን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። የአበባው ሞድ አለፈ። የታሪኩ ግን በእኔ እይታ የተለየ ዕድሜ አለው። አበባ ቀብተህ ስትጨርስ አለቀ። ዘንዶ ስትቀባ ግን ከዘንዶው ጋር የምታውቀው ታሪክ አለ። ማን እንዳሳደገው፣ ማንን እንዳቃጠለ፣ የት እንደሞተ። እየቀባህ ታሪኩን እንደገና ትኖረዋለህ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ተከታታይ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ላያውቀው ይችላል። በ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» መጻሕፍት ውስጥ ቀለም ጌጥ አይደለም። ዘርና ወገን ነው። የላኒስተር ቤት አንበሳው ወርቅ ነው፣ መደቡ ደማቅ ቀይ። የስታርክ ተኩላ ግራጫ ነው። የታርጋሪየን ባለሦስት ራስ ዘንዶ ቀይ ሆኖ ጥቁር ላይ ይቀመጣል። ታርጋሪየኖች ዓይናቸው ሐምራዊ ነው። ፊልሙ ላይ ይሄ ቀረ። ከላኒስተር ልጆች አንዱ ቲሪየን ደግሞ አንዱ ዓይኑ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር ነው። ይሄም ፊልሙ ላይ የለም። እንግዲህ መጽሐፉን ያነበበ ሰው እርሳሱን ሲያነሣ ከፊልሙ ጋር ክርክር ገጥሟል ማለት ነው። የታርጋሪየኗን ልጅ ዓይን ሐምራዊ ይቀባና «ትክክሉ እንዲህ ነው» ይላል። ነጩ ገጽ ለአንባቢው የተተወ የመጨረሻ ቃል ነው።

ጎንደር ላይ ይሄ ታሪክ ሰው ይይዛል። ምክንያቱ አይገርምም። እኛ ያደግነው ግንብ አጠገብ ነው። አጼ ፋሲል ከተማዋን በ1636 ቆረቆሩ፤ ከዚያ ልጅም የልጅ ልጅም የየራሱን ግንብ ጨመረ። ቱሪስት ይመጣና «የአፍሪካ ካሜሎት» ይላል። እኛ ደግሞ በግንቡ ጥግ ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ግቢው ውስጥ የአንበሳ ቤት አለ፤ የእውነት አንበሳ የተቀመጠበት። የዙፋኑም ነገር ቢሆን ከልቦለዱ አያንስም። አዲያም ሰገድ ኢያሱ በ1706 ተገደሉ፤ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በሕይወት እያሉ ዙፋኑን ወስዶባቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እሱም ተወግቶ ሞተ። እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም አንግሠው፣ የልጅ ልጁን ኢዮአስን ራስ ሚካኤል ስሑል ሲያስገድሉት አይተዋል። አንድ ጓደኛዬ ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ «ይሄማ የአያቴ ወሬ ነው» ብሎኛል።

ወደ ነርሷ እንመለስ። ቀለም መቀባት በእርግጥ ጭንቀት ያቀላል?

በ2005 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 84 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰበሰቡ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ያስፈራውን ነገር እንዲጽፍ አደረጉ። ጭንቀቱ ተነሣ። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ቀለም አስቀቡዋቸው። አንዱ ቡድን ማንዳላ የሚባለውን ክብ ጥልፍልፍ ንድፍ ቀባ። አንዱ እንደ ባለካሬ ጨርቅ የተሰመረ ንድፍ። ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ተሰጠው። ማንዳላውንና ካሬውን የቀቡት ጭንቀታቸው በግልጽ ወረደ። ባዶ ወረቀት የተሰጣቸው ያን ያህል አልቀለላቸውም።

ነጥቡ ደስ ይላል። ባዶ ወረቀት ራሱ ሥራ ነው። «ምን ልሣል?» ይላል፣ «አልችልም» ይላል። የተሰመረ ወረቀት ግን አንዱን ውሳኔ ከላይህ ያነሣልሃል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቀይ ወይስ ቢጫ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕይወት ሲወስን ላደረ ሰው ይሄ ትንሽ ዕረፍት አይደለም።

ግን ነገሩን ማጋነንም አልወድም። አንዳንዱ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ «ሕክምና» ብሎ ይለጥፋል። በ2016 ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ 39 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ 45 ደቂቃ በሸክላ፣ በማርከር፣ በቁርጥራጭ ወረቀት የፈለጉትን ሠሩ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰላቸው። እዚያ ግን ሰዎቹ የሠሩት የራሳቸውን ነው፣ የተሰመረ አልቀቡም። እዚያው ድሬክስል በኋላ ሁለቱን አወዳድረው ነበር። ሁለቱም ጭንቀት ቀንሰዋል። በሥነ ጥበብ ሕክምና ባለሙያ አጠገብ የራሳቸውን የሠሩት ግን ከዚያ አልፈው ስሜታቸው ተነቃቃ፣ በራሳቸው መተማመናቸው ጨመረ።

እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። መስመር ውስጥ መቀባት ያረጋጋል። ከመስመር መውጣት ያነሣሣል። የሚረጋጋ ሰው አለ፣ መነሣሣት የሚያስፈልገው ሰው አለ፤ ክፉኛ የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪም ያስፈልገዋል። ጎንደር ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈች የምታውቁ ታውቃላችሁ። በጊዜ ወደ ቤት መግባት፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ ወራት መክረም፣ የተኩስ ድምፅ። ያኔ ቀለም እርሳስ መብራትም ኔትወርክም አይጠይቅም ነበር። ይሄ ለብዙዎች በቂ ምክንያት ነው። በጥይት ድምፅ እየባነነ ለሚነሣ ሰው ግን እርሳስ ይዘህ ብትሄድ ቀልድ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ። አክስቴ «የፈረንጅ ሥዕል ወስዶ መቀባት ምን ይሉታል?» ስትል ሣቅሁ። የሚሉትማ አለ፤ የጎንደር ሥዕል ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1590 እና 1591 ሮም ውስጥ የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ። መጽሐፉ ከመቶ በላይ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። ሁሉም ጥቁርና ነጭ። መስመር ብቻ። ያ መጽሐፍ ወደ እኛ አገር ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ያንን ጥቁርና ነጭ ሥዕል አዩት፣ ወደ ብራና ገለበጡት፣ ቀለም ሰጡት። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች የሮሙን መጽሐፍና የኛን የወንጌል ብራናዎች ጎን ለጎን አድርገው ገጽ በገጽ አመሳክረዋል። የሰዎቹ አቋቋም፣ የእጃቸው አነሣሥ አንድ ነው። ሮም የምትገኘው የሳንታ ማርያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕልም በኢየሱሳውያን በኩል መጥታ እኛ ዘንድ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ለምንላት ሥዕል መነሻ ሆናለች።

ሠዓሊዎቹ ግን መስመር ሞልተው አላቆሙም። ፊቱን ለወጡት። ዓይኑን አተለቁት። የሮማ ወታደር የጎንደር ወታደር ሆነ። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ቀለሙ ደማቅና ጥርት ያለ ነው፤ ቀይ ቀይ ነው፣ ቢጫ ቢጫ ነው። ሁለተኛው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አበበ። ያኛው ጥላ ያውቃል፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ልብሱ በአበባ ያጌጣል፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ሳይታወቅህ ይንሸራተታል። ዛሬ ከለሪንግ የሚቀቡ ልጆች «ብሌንድ ማድረግ» ብለው ቪዲዮ ከፍተው የሚማሩት ነገር ማለት ነው። እቴጌዋ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩበት ቁስቋም ሰፈር ያለ ሰው ይሄን በቪዲዮ ሲማር ማየት ትንሽ ያሥቀኛል።

መስመር ሠርቶ ውስጡን ቀለም መሙላትም ቢሆን የኛ ሙያ ነው። የብራና መጽሐፍ ከፍታችሁ ታውቁ ይሆናል። ራስጌው ላይ ሐረግ አለ። እንደ ገመድ የተጠላለፈ፣ የተቋጠረ፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው የማይለይ። መጀመሪያ በቀጭን መስመር ይሠራል፣ ከዚያ ክፍተቱ በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ ይሞላል። ከዚያ ጥናት ማንዳላ የሚለየው በቅርጹ ነው። የደብተራ ክታብ ላይ ያለው የዓይንና የኮከብ ሥዕል ደግሞ ከነጭራሹ ለፈውስ ተብሎ የተሠራ ነው። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። ቤተ ክርስቲያን ይሄን ጠልሰም የሚባለውን ሥዕል አትወደውም፤ እኔም ያድናል አላልኩም። ሥዕል አይቶ ነፍስ ይረጋጋል የሚለው ሐሳብ ግን ከአሜሪካ የመጣ አይደለም።

ኪስን እንነካካ። የውጭው ኦሪጂናል ከለሪንግ ቡክ በ15 ዶላር ይገኛል እንበል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመለቀቁ በፊት፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ሒሳቡ 860 ብር አካባቢ ይመጣል። ዛሬ 2000 ብር ይሻገራል። ማጓጓዣው ሳይቆጠር። የአንድ ጀማሪ ነርስ ደመወዝ ስንት እንደሆነ የምታውቁ ቀሪውን አስሉት። ለዚህ ነው ፍላሽና ፎቶ ኮፒ ቤት የመጣው። ጥሩ ባለቀለም እርሳስም እንደዚያው ተወዷል። ፒያሳ ዞሬ ያየሁት አብዛኛው የተማሪ ዕቃ ነው። ሰሙ ይበዛል፣ ቀለሙ ይሰስታል። ማርከር ይሻላል ያለ ደግሞ ወረቀቱ ያሳፍረዋል። የኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ማርከሩ ወደ ጀርባ ዘልቆ ቀጣዩን ገጽ ያበላሻል። አያቶቻችን የቀቡበት ብራና ግራ ቀኙን ቢቀባ አያልፍም ነበር። ፍየሏ ነፍስ ይማር።

የቅጂ መብቱ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱን ይጠብቅለታል። ለግል ጥቅም የተተወች ጠባብ በር አለች። ሱቁ ግን ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ፣ ጠርዞ ሲሸጥ በዚያች በር አይገባም። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። በማሽን የተመረቱ፣ ፈቃድ የሌላቸው «የፋንታሲ» ገጾች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። የዘንዶው እግር አምስት ይሆናል፤ የልጅቷ ጣት ስድስት። ነርሷ ካስወጣቻቸው ገጾች አንዱ እንደዚያ ነበር። «እሱን ጣቷን በጓንቲ ሸፈንኩት» አለችኝ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የሰውን ዘንዶ ለመቀባት ፈቃድ ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ለመቀባት ግን ከሥዕሉ ባለቤት ፈቃድ የሚጠየቅበት የቅጂ መብት የለም፤ ሠዓሊዎቹ ከሞቱ ዘመን አልፏል። እነዚያ ሁሉ የመላእክት ፊቶች፣ እያንዳንዳቸው ትንሽ የተለያየ ዓይን ያላቸው፣ በመስመር ብቻ ቢሠሩ ስንት ገጽ ይወጣቸዋል? በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈች ቤተ ክርስቲያን ናት። የአባ እንጦንስን ደግሞ ተመልከቱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1932 ዳካር ጅቡቲ የተባለው የፈረንሣይ ጉዞ መጥቶ የግድግዳ ሥዕሎቹን አውርዶ ወሰደ፣ በምትኩ ግልባጭ ተወ። ኦሪጂናሉ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ነገ አንዱ ፓሪስ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ከለሪንግ ቡክ አድርጎ በ15 ዩሮ ቢሸጥልን ማንን እንከሳለን?

እርግጥ ሁሉ ሰው ቅዱስ ሥዕልን ለመዝናኛ መቀባት ደስ አይለውም። አክስቴ ይሄን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ስዕለ አድኅኖ እግር ስር ሲወድቅ?» አለች። ልክ ናት። ወረቀት ይጣላል፣ ይረገጣል፣ ቡና ይፈስበታል። ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ግንቡ አለ፣ ሐረጉ አለ፣ የፋሲል መዋኛ በጥምቀት ጠዋት አለ፣ የአንበሳው ቤት አለ። እዚሁ ከተማ የሚሥሉ ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ ቢያስብበት ከአሳታሚው በፊት ገዢ ያገኛል። እኔ አንዱን እገዛለሁ፤ ነርሷ ሁለት።

ነርሷን ባለፈው ሳምንት እንደገና አገኘኋት። የጨረሰችውን በስልኳ አሳየችኝ። ዘንዶው ቀይም ጥቁርም አይደለም። አረንጓዴ ነው፣ ሆዱ ቢጫ፣ ምላሱ ቀይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ስር የምናውቀው ደራጎን ቁርጥ እሱ። ክንፉን እንደ መደቡ አድርጋ ቀብታ አጥፍታዋለች። ቅዱሱ ከደራጎኑ ያዳናት ልጅ ብሩታዊት ግን ዛፍ ላይ የለችም።

«ዓይኑስ?» አልኳት። ሥዕሉ ፊት ለፊት የሚያይ ነበር፤ ሁለት ዓይን ያለው።

የጎንደር ሠዓሊ ደግ ሰው ሲሥል በሁለት ዓይኑ ያሳየዋል። ክፉውን በጎን ይሥለውና አንድ ዓይን ብቻ ይተውለታል። እሷም ይሄን ታውቃለች፤ ካህን አያት አሏት።

«አንዱን በጥቁር ሞላሁት» አለች። «ግን አሳዘነኝ። ሁለተኛውን ሐምራዊ አደረግሁለት።»